የረጠበ ምንጣፍና የማይሞቅ ማሞቂያ፦ የአሮጌ መኪናን ዳሽቦርድ ከመፍታትዎ በፊት ችግሩን የሚያገኙበት ዝርዝር መመሪያ

አዳማ ውስጥ የመኪና ማሞቂያ ለወራት ሳይነካ ይከርማል። ችግሩ የሚታወቀው ባለቤቱ በሐምሌ ማለዳ ወደ አሰላ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ነው፤ መስታወቱ ጉም ይለብሳል፣ ማሞቂያው ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፣ አንዳንዴም ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው ጫማው ረጥቦ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ወደ ማሞቂያው የሚገቡት ሁለት የጎማ ቱቦዎች ተቆርጠው በቁራጭ ቧንቧ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ወይ ደግሞ ዳሽቦርዱ በሙሉ ይፈታል። ሁለቱም የሚደረጉት ምንጣፉን ያረጠበው የትኛው ውሃ እንደሆነ ማንም ሳይጠይቅ ነው።

በአሮጌ መኪና ውስጥ ሦስት ዓይነት ውሃ ሊገኝ ይችላል፤ የራዲያተር ውሃ፣ የዝናብ ውሃና የኤሲ ውሃ። የአንዱ ጥገና ለሌላው ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳያዛቡ ይከተሉ፤ ምንም ገንዘብ የማያስወጣው ምርመራ ሁልጊዜ ይቅደም።

መመሪያው እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ላሉ፣ ሞተራቸው በውሃ ለሚቀዘቅዝና የማሞቂያቸው መቆጣጠሪያ በገመድ ለሚሠራ መኪናዎች የተጻፈ ነው። የጥንቷን ቮልስ አይመለከትም፤ የእሷ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ሲሆን፣ ማሞቂያዋም ሙቀቱን የሚያገኘው ከጭስ ማውጫው ነው። ቮልስ ውስጥ ማሞቂያው የጭስ ሽታ ካመጣ ዘግተው መስኮት ይክፈቱና ሳይውሉ ሳያድሩ ያስመርምሩ።

ዝግጅት

መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ያደረ፣ ሞተሩም ሙሉ በሙሉ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። የሚያስፈልጉት ዕቃዎች የእጅ ባትሪ፣ ነጭ ሶፍት፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ሰፊ ካርቶን፣ ሳፋ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የውሃ ጎማ፣ ጥቂት አዳዲስ ፋሸታዎች (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበቶች)፣ ኩላንት (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ባለቀለም ፈሳሽ) እና የባትሪ ውሃ ናቸው። የባትሪ ውሃ ያልኩት አሲዱን ሳይሆን ነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ነው። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ የሚሸከመው ማዕድን ሲሞቅ በቀጫጭኑ የማሞቂያ ቱቦዎች ውስጥ እንደ ጀበና ድንጋይ ይጋገራል። ብዙ ማሞቂያ የሚሞተው በዚህ ነው።

ሳይነበቡ የማይታለፉ ማስጠንቀቂያዎች

ሞተሩ ትኩስ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ፈጽሞ አይክፈቱ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አሰላ ላይ ደግሞ በ92 ገደማ። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው ክዳኑ የያዘው ግፊት ነው፤ በብዙ አሮጌ መኪናዎች ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈውም ለዚህ ነው። ትኩሱን ክዳን ሲከፍቱ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ውሃው በቅጽበት ፈልቶ ፊትዎ ላይ ይወጣል። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጅዎ ይጫኑት፤ ጠንካራና ትኩስ ከሆነ ገና ነው፣ ይጠብቁ።

ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው። ያፈሰሱትን በሳፋ ይቀበሉ፤ ልጆችና ውሾች በሚደርሱበት ቦታ አይተዉት።

ደረጃ 1፦ የትኛው ውሃ እንደሆነ ይለዩ

1. የፊት ምንጣፉን ያንሱና ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ በነጭ ሶፍት ለሃያ ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ።

2. ሶፍቱን በቀን ብርሃን ይመልከቱ። አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም የዝገት ቀለም ካለው የራዲያተር ውሃን ይጠርጥሩ። አፈር ብቻ ካለበት ዝናብ ሊሆን ይችላል። ፍጹም ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ኤሲው ቀዳሚ ተጠርጣሪ ነው።

3. ውሃውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያሹት። ኩላንት ያንሸራትታል፤ ሽታውም ጣፈጥ ይላል። ከዚያ እጅዎን ይታጠቡ።

4. ራዲያተሩ ውስጥ ለዓመታት ተራ ውሃ ብቻ ሲጨመርበት ከኖረ ቀለሙም ሽታውም ላይነግርዎት ይችላል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ ኩላንት ያስገቡ፣ ምንጣፉን ያድርቁ፣ ጋዜጣ ያንጥፉና ለሦስት ቀን ይንዱ። ቀለሙ ጋዜጣው ላይ ይወጣል።

5. መቼ እንደሚረጥብ ይመዝግቡ። ቆሞ ባደረበት ዝናብ ከሆነ የዝናብ ነው። ኤሲ በተከፈተ ቀን ብቻ ከሆነ የኤሲ ነው። በደረቅ ቀን፣ ኤሲ ተዘግቶ፣ ተነድቶ ሲገባ የሚረጥብ ከሆነ ግን ከራዲያተር ውሃ ሌላ ምንም አይደለም።

ምንጣፉ ከመርጠቡ ቀድሞ የሚታይ ሌላ ምልክት አለ፤ ብዙዎች ያልፉታል። በአንድ ወዳጄ ኮሮላ ማለዳ ወደ አሰላ ስንወጣ ኢተያ አካባቢ መስታወቱ ጉም ለበሰ። በእጁ ሲጠርገው ጉሙ አልጠፋም፤ የጣቶቹ ዱካ እንደ ቅባት ተዘርግቶ መስታወቱ ላይ ቀረ፣ የፀሐይዋ ጨረር ሲመታው ደግሞ ከፊታችን ያለው መንገድ ጭራሽ ጠፋ። ከሰው ትንፋሽ የመጣ ጉም ሲጠረግ ይጸዳል። የሚቀባ ጉም ከቀዳዳ የማሞቂያ ራዲያተር፣ ማለትም ከዳሽቦርዱ ውስጥ ካለችው ትንሽ ራዲያተር፣ የወጣ የኩላንት እንፋሎት ነው። ይህን ካዩ ምንጣፉ ደረቅ ቢሆንም ወደ ደረጃ 2 ይሂዱ።

ሶፍቱ ዝናብን ካመለከተ ወደ ደረጃ 6፣ ኤሲን ካመለከተ ወደ ደረጃ 7 ይለፉ። ምንጣፉ ደረቅ ሆኖ ማሞቂያው ብቻ አልሞቅ ካለ ከደረጃ 3 ይጀምሩ።

ደረጃ 2፦ የራዲያተር ውሃ የሚወጣበትን ቦታ ያግኙ

1. ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ይክፈቱና የውሃውን መጠን ይመልከቱ። ውሃው እስከ አፉ መድረስ አለበት። የክዳኑ ጎሚኒ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ሌላ ነገር ሳይነኩ በአዲስ ይቀይሩት፤ አዲሱ ላይ ያለው ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። በአዳማ ከፍታ ግፊት የማይዝ ክዳን ውሃውን ያለጊዜው ያፈላዋል።

2. ውሃውን ሞልተው ሞተሩን እስኪሞቅ ያሠሩ፣ ያጥፉ፣ ካርቶኑን ከሥር ዘርግተው ያሳድሩ። ጠዋት ጠብታው የወደቀበትን ቦታ ምልክት አድርገው ቀጥታ ወደ ላይ ይመልከቱ።

3. ጠብታው ከራዲያተሩ ሥር ከሆነ የታችኛውን ቱቦና መጋጠሚያውን ይፈትሹ። ከሞተሩ ፊት ለፊት፣ ከቺንጋው (ከሞተሩ ቀበቶ) አጠገብ ከሆነ የውሃ ፓምፑ ዘንግ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በባትሪ ይመልከቱ፤ በእሷ በኩል የውሃ ዱካ ከወረደ የፓምፑ ማኅተም አልቋል፣ ማስቲሽ አያድነውም። ከሞተሩ ጎን ከሆነ በብሎኩ ላይ ያሉት ክብ የላሜራ ክዳኖች በዝገት ተበልተው ይሆናል።

4. ጠብታው ከሞተሩ ኋላ፣ ከጋቢናው ላሜራ አጠገብ ከሆነ ሁለቱን የማሞቂያ ቱቦዎች ጫፋቸው ድረስ ይከታተሉ። ጫፉ ካበጠ ወይም ሲታጠፍ ከተሰነጣጠቀ ቱቦውን ይቀይሩ። ፋሸታን አጥብቆ ማለፍ ዕድሜውን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው የሚያራዝመው።

5. ከውጭ ምንም ጠብታ ሳይኖር ውስጥ ምንጣፉ በኩላንት ከረጠበ የማሞቂያው ራዲያተር ወይም ከውስጥ ያለው መጋጠሚያው ነው። ዳሽቦርድ የመፍታት ወሬ መነሳት ያለበት እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከመጋጠሚያው ይጀመር። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ከዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ ሲታይ ፋሸታው ይገኛል፣ ችግሩም አንዳንዴ እዚያው ያበቃል።

*ከውጭም ከውስጥም ውሃ ሳይታይ መጠኑ የሚቀንስ ከሆነ፦* ሞተሩ በቀዝቃዛ ሲነሳ ነጭ ጭስ ያለማቋረጥ ይወጣ እንደሆነ፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ይኖር እንደሆነ፣ የራዲያተሩ ክዳን በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ በራዲያተሩ አፍ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ይመልከቱ። ወተት የመሰለው ነገር ብቻውን ከሆነ አጭር ርቀት ብቻ በሚነዳ መኪና ላይ ከእርጥበት ሊመጣ ይችላል። ሁለቱ ወይም ሦስቱ በአንድ ላይ ከታዩ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማኅተም) ተጠርጣሪ ነውና ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣውን ዳገት በዚያ መኪና አይሞክሩት።

ደረጃ 3፦ ማሞቂያው ለምን እንደማይሞቅ በሁለት እጅ ይለዩ

ሞተሩን አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ያሠሩ፣ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ሙቅ ይግፉ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው፣ ከቺንጋና ከቬንትሌተር ርቀው፣ ወደ ጋቢናው የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በጨርቅ በተጠቀለለ እጅ በጥንቃቄ ይንኩ። ሦስት መልስ ይኖራል።

ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ውሃው እየዞረ ነው፤ ጥፋቱ አየሩ ዘንድ ነው። አየሩን ወደ ማሞቂያው የምትመራው ትንሽ በር ገመዷ ከማያዣው ወጥቶ ይሆናል። አንድ ሰው መቆጣጠሪያውን ወዲያና ወዲህ ሲያንቀሳቅስ እርስዎ ከሾፌሩ እግር ሥር ሆነው ገመዱን ይመልከቱ። ገመዱ ተንቀሳቅሶ በሩ ካልተንቀሳቀሰ መልሰው ይሰኩት። አየር ጭራሽ የማይነፋ ከሆነ ፊውዙን ይዩ፤ በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚነፋ ከሆነ ደግሞ የማራገቢያው ሞተር ደኅና ነው፣ የተቃጠለው ፍጥነት መቀነሻው ሬዚስተር ነው።

አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው ገብቶ መውጫ አጥቷል። በመጀመሪያ በቱቦው መስመር ላይ ያለውን የማሞቂያ ቫልቭ ይፈልጉ። አዳማ ውስጥ ለወራት ሳይንቀሳቀስ ስለሚቆይ እዚያው ደርቆ ይቀራል። ገመዱን ነቅለው የቫልቩን ክንድ በጣትዎ ያንቀሳቅሱ፤ እምቢ ካለ በፒንሳ አያስገድዱት፣ ይሰበርና ሌላ ፍሳሽ ይፈጥራል። ዝገት የሚፈታ ፈሳሽ ረጭተው አንድ ሰዓት ይጠብቁ፣ ከዚያ በዝግታ ደጋግመው ያመላልሱት። ቫልቩ ተከፍቶም ቱቦው ካልሞቀ የማሞቂያው ራዲያተር ተደፍኗል፤ ወደ ደረጃ 4 ይለፉ።

ሁለቱም ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያሉ ከሆኑ ማሞቂያውን ይተዉትና ሞተሩን ይመርምሩ። ውሃ ጎድሎ፣ አየር ታስሮ ወይም ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚያግደው ቫልቭ፣ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ይሆናል። እዚህ ላይ በሙቅ ከተሞቻችን የተለመደ አንድ ልማድ አለ፤ መኪናው «ይሞቃል» ሲባል ቴርሞስታቱ ወጥቶ ይጣላል። ያኔ ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ማሞቂያውም ለብ ከማለት አያልፍም፤ የመሞቁ እውነተኛ ምክንያት ግን ሳይነካ ይቀመጣል። የሙቀት ጌጁ በቁልቁለት ላይ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ የቴርሞስታቱን ቤት ይክፈቱና ቴርሞስታት መኖሩን ያረጋግጡ።

ካለ እንዲህ ይፈትኑት፦ በክር አንጠልጥለው የድስቱን ወለል ሳይነካ ውሃ ውስጥ ይንከሩትና ያሙቁ። ላዩ ላይ 82 ከተጻፈ በዚያ ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ቴርሞሜትር ባይኖርዎትም ግድ የለም፤ አዳማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ95 ገደማ ነውና ውሃው እየፈላ እሱ ዝግ ከሆነ ሞቷል። በቀዝቃዛ ውሃ ክፍት ሆኖ የሚታይም እንዲሁ አይረባም።

ደረጃ 4፦ የተደፈነውን ማሞቂያ ማጠብ

1. በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ሳፋ ከሥር አስቀምጠው ሁለቱን ቱቦዎች ከሞተሩ በኩል ይንቀሉ። ከጋቢናው በኩል አይንቀሉ፤ የማሞቂያው ቀጭን የናስ አንገት ከተጣመመ ሥራው ሁሉ ወደ ዳሽቦርድ መፍታት ይዞራል። የደረቀ ቱቦ ካስቸገረ በርዝመቱ በምላጭ ሰንጥቀው ይጣሉት፤ አዲስ ቱቦ ከማሞቂያ በጣም ይረክሳል።

2. የውሃውን ጎማ በመውጫው በኩል፣ ማለትም በተቃራኒው አቅጣጫ ያስገቡ። ቧንቧውን ከሩብ በላይ አይክፈቱ። የአሮጌ ማሞቂያ መጋጠሚያዎች በቆርቆሮ ብየዳ የተያዙ ስለሆኑ የከተማው ቧንቧ በሙሉ ኃይሉ ሲለቀቅባቸው ይከፈታሉ።

3. የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ያጥቡ፣ ከዚያ አቅጣጫውን ቀይረው ይድገሙ። ሦስት አራት ጊዜ ያመላልሱት።

4. ከሃያ ደቂቃ በኋላም የሚንጠባጠብ ብቻ ከሆነ ማጠቡን ያቁሙ። አሲድ ጨምሮ ማጠብን አልመክርም፤ ድንጋዩን ከማሟሟቱ በፊት የሳሳውን ናስ ይበሳዋል። መፍትሔው ማሞቂያውን መቀየር ወይም ራዲያተር በያጅ ማሠራት ነው።

*መንገድ ላይ ሆነው ማሞቂያው ቢፈነዳ፦* ያን ጊዜ ቱቦዎቹን እርስ በርስ ማያያዝ ትክክለኛ ነው። አንዱን ቱቦ አጥፈው ከሞተሩ መውጫ ወደ ሞተሩ መግቢያ ያገናኙት። ሁለቱን አፎች ግን በእንጨት አይድፈኑ፤ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ይህ መስመር ቴርሞስታቱ ከመከፈቱ በፊት ውሃው የሚዞርበት መንገድ ነው።

ደረጃ 5፦ መሙላትና አየር ማስወጣት

ብዙ ሰው ጥገናውን አሳምሮ እዚህ ላይ ይወድቃል። መኪናውን አፍንጫው ወደ ላይ በሚያይበት ተዳፋት ላይ ያቁሙ፣ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ወደ ሙቅ ያድርጉ። ኩላንቱንና የባትሪ ውሃውን እኩል በእኩል ቀላቅለው በዝግታ ይሙሉ፤ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ኩላንት ከሆነ ውሃ አይጨምሩበት። ክዳኑን ሳይገጥሙ ሞተሩን ከቀዝቃዛ አስነስተው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረግጡ) ያሠሩ፣ የላይኛውን ቱቦ በየጊዜው ይጭመቁ፣ አረፋ ሲወጣ ይጨምሩ። ውሃው በድንገት ዝቅ ሲልና የላይኛው ቱቦ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ይሙሉና ወዲያው ክዳኑን ይግጠሙ። ከዚህ በላይ ክዳን አልባ ካሠሩት በእኛ ከፍታ ቶሎ ፈልቶ ይገነፍላል። በማግስቱ በቀዝቃዛው ከፍተው የጎደለውን ይሙሉ። ከዳሽቦርዱ ውስጥ የሚንቆረቆር ድምፅ ከተሰማ አየር ቀርቷል፣ ይድገሙት።

ደረጃ 6፦ የዝናብ ውሃን ማሳደድ

የራሴን ዲኤክስ ታሪክ እዚህ ላይ ልናገር። የተሳፋሪው ምንጣፍ ሲረጥብ አንድ ጋራዥ «ማሞቂያው ነው» ብሎ ቱቦዎቹን ቆርጦ አያያዘልኝ፤ ከፈልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዝናብ ዘነበና ምንጣፉ እንደ በፊቱ ረጠበ። ከመስታወት መጥረጊያዎቹ ሥር ያለውን ወንፊት ሳነሳ ከሥሩ ሁለት እፍኝ የበሰበሰ ቅጠል፣ በአዳማ አቧራ ተቦክቶ፣ እንደ ጭቃ ጡብ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ውሃው መውጫ ሲያጣ በአየር ማስገቢያው አልፎ ወደ ጋቢና ይገባል። ስለዚህ ከዚያ ይጀምሩ።

1. ከመስታወቱ ሥር ያለውን ቅጠል በእጅ ያውጡ። በውሃ አይግፉት፤ ወደ መውጫው ይጠቀጠቃል። ከዚያ አንድ ጆግ ውሃ ያፍሱ፤ ውሃው ወዲያው ከፊት ጎማዎቹ ኋላ መሬት ላይ መታየት አለበት።

2. ሌላ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። እርስዎ የውሃውን ጎማ ያለ ግፊት፣ ከታች ጀምረው ወደ ላይ፣ አንዱን ቦታ አምስት አምስት ደቂቃ ያርጥቡ፦ መጀመሪያ የበሩን ታች፣ ከዚያ የመስኮቱን ጠርዝ፣ የፊት መስታወቱን ታች፣ ጎኖቹን፣ በመጨረሻ ጣሪያውን። ከላይ ከጀመሩ ሁሉም በአንዴ ይረጥብና የትኛው እንዳስገባ አይታወቅም።

3. በበሮቹ ታች ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት ይክፈቱ። በር ውስጥ ውሃ መግባቱ ጤነኛ ነው፤ አለመውጣቱ ነው ችግሩ። ቀዳዳዎቹ ክፍት ሆነው ከረጠበ ደግሞ ከበሩ ሽፋን ኋላ ያለው ላስቲክ ተቀድዶ ወይም በጥገና ጊዜ ተጥሎ ይሆናል፤ ወፍራም ላስቲክ ቆርጠው ይለጥፉበት።

4. የበሩን ጎሚኒ በወረቀት ይፈትኑ። ቁራጭ ወረቀት አስገብተው በሩን ይዝጉና ይሳቡት፤ ያለ ትግል የሚወጣበት ቦታ ላይ ጎሚኒው ሙቷል።

5. ውሃው ከፊት መስታወቱ ጎሚኒ ከገባ ከላዩ ሲሊኮን መለቅለቅ አይበቃም። መስታወቱ ወጥቶ ከሥሩ ያለው የዛገ ላሜራ ተፍቆና ቀለም ተቀብቶ በአዲስ ጎሚኒ መመለስ አለበት።

ውሃ የሚታይበት ቦታ የገባበት ቦታ አለመሆኑን አይርሱ። ከመስታወቱ ማዕዘን የገባ ውሃ በላሜራው ውስጥ ተጉዞ ከኋላ ወንበር ሥር ሊወጣ ይችላል። የውሃውን ዱካ በጣት ወደ ላይ ይከተሉት።

ደረጃ 7፦ የኤሲ ውሃ

ኤሲውን ከፍተው መኪናውን አቁመው ሃያ ደቂቃ ያሠሩ። ከተሳፋሪው እግር አቅጣጫ ሥር መሬት ላይ ውሃ መንጠባጠብ አለበት። ካልተንጠባጠበ የማፍሰሻዋ ቱቦ በአቧራ ተደፍና ይሆናል። ከመኪናው ሥር ሆነው በለስላሳ ሽቦ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ያጽዷት፤ ጠልቀው ከወጉ የኤሲውን ራዲያተር ይበሱታል። የታጎረው ውሃ በአንድ ጊዜ ስለሚወርድ ፊትዎን ከሥሯ ያርቁ።

ደረጃ 8፦ ማድረቅ

ወንበሮቹን ፈትተው ምንጣፉንና ስፖንጁን ሙሉ በሙሉ ያውጡ። መስኮት ከፍቶ ፀሐይ ላይ ማቆም አይበቃም፤ ላዩ ደርቆ ሥሩ ለሳምንታት ይረጥባል፣ ወለሉንም ከላይ ሳይታይ ይበላዋል። ኩላንት የነካውን ስፖንጅ በሳሙናና በብዙ ውሃ ይጠቡት። ወለሉን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ያድርጉ፤ ድምፁ የደነዘዘበት ቦታ ላይ ዝገቱን ፍቀው ፀረ ዝገት ቀለም ይቀቡ። ከዚያ ምንጣፉን ወዲያው አይመልሱ፤ በባዶው ላሜራ ላይ ጋዜጣ ዘርግተው አንድ ትልቅ ዝናብና አንድ የአሰላ ጉዞ ያሳልፉ። ጋዜጣው ደረቅ ሆኖ ካገኙት ምንጣፉን ይመልሱ።